ኤሲ ስከፍት የሞተርሆሙ ጄኔሬተር ይጠፋል፤ ከጉዞ በፊት ምን ላድርግ?

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ2008 የተሠራ ሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ገዝተን ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ለጁላይ ጉዞ እየተዘጋጀን ነው። ወደ ምዕራብ፣ እስከ ኮሎራዶ ድረስ አስበናል። መኪናው ራሱ ደህና ነው። ያስቸገረን ጄኔሬተሩ ነው። ኦናን የሚባለው ዓይነት፣ 4000 ዋት፣ በቤንዚን የሚሠራ። ሰዓት ቆጣሪው 96 ይላል። ሻጩ "ምንም አልተሠራበትም፣ እንደ አዲስ ቁጠረው" ብሎኛል።

ለመነሳት ብዙ ይለፋል። ከተነሳ በኋላ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ምንም ሳልሰካበት እንደዚያ እያለ ይቆያል። ኤሲውን ስከፍት ግን አጉረምርሞ ቀጥ ይላል። ማብሪያው ላይ ያለችው መብራትም ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ብዙም ሳያዩት "ከሚጠገን አዲስ ይገጠምለት" አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ለጠቅላላ ጉዞው ከመደብነው ይበልጣል። በእጄ መሥራት አልፈራም። ከየት ልጀምር?

ካንዴላ (ዳላስ)

ወንድሜ፣ ለመኪናው እንኳን ደስ አላችሁ። አዲስ ለመግዛት አትቸኩል። የዘረዘርከው ምልክት ሁሉ ወደ ነዳጅ ነው የሚጠቁመው።

ምንም ሳትፈታ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን አለ? ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ከመኪናው ታንክ ነው። የሚስብበት ቱቦ ግን ሆን ተብሎ አጠር ተደርጎ ነው የሚገጠመው። ነዳጁ ሩብ ታንክ አካባቢ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ይቆማል፣ የመኪናው ሞተር ግን ማግኘቱን ይቀጥላል። እንዲህ የተደረገው ሌሊቱን በሙሉ ኤሲ ሲሠራ አድሮ ጠዋት በረሃ መሀል እንዳትቀር ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ፓምፕ የሚያስቀይር ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ የመብራቷን ብልጭታ ቁጠር። ሦስት ጊዜ ብላ ቆም የምትል ከሆነ ማጥፊያውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነህ ልቀቅ። ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ትሰጥሃለች። የመጀመሪያውን ትቆጥራለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

አሁን ስለ 96ቱ ሰዓት። ሻጩ ጥሩ ዜና አድርጎ ነው የነገረህ። እኔ ግን አሮጌ ሞተርሆም ላይ ዝቅተኛ ሰዓት ሳይ ነው የምሰጋው። አምራቹ ጄኔሬተሩ ቢያንስ በወር 2 ሰዓት፣ በግማሽ ጭነት ይሥራ ይላል። በዓመት 24 ሰዓት ነው። የአንተ መኪና ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድም ጉዞ ባይወጣ እንኳ ለጤናው ሲባል ብቻ ከ360 ሰዓት በላይ መሥራት ነበረበት። 96 ካለ አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ነው ያሳለፈው።

ጄኔሬተር ከሥራ ይልቅ በመቆም ነው የሚሞተው። ካርቡረተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና ሙጫ ይተዋል። አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል ስላለው ደግሞ እርጥበት ይስባል። የመዳብ ጥቅሉም ውስጥ እርጥበት ይገባል። ካርቦን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ብሩሽ) ያላቸው ሞዴሎች ላይ ካርቦኑ የሚነካው ቀለበት ይበላሻል። ዘይት የሚይዙት ጎማዎች ይደርቃሉ። በወር አንዴ በደንብ ሞቆ ቢሠራ ይህ ሁሉ አይመጣም። "በደንብ ሞቆ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አስነስቶ ባዶውን አምስት ደቂቃ ማቆየት እርጥበቱን አያደርቀውም። ጭነት ያስፈልገዋል።

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንኩ ከግማሽ በላይ ነው። መብራቷም እንዳልከው ሦስት አለች፣ ስጫናት 3 ከዚያ 6 ቆጠረች። 36 ምንድን ነው?

ካንዴላ (ዳላስ)

36 ማለት ማንም ሳያጠፋው ሞተሩ በራሱ ቆመ ማለት ነው። ለምን እንደቆመ አይነግርህም። ነዳጅ ሊሆን ይችላል፣ አየር ሊሆን ይችላል፣ የሞተሩ የራሱ ችግርም ሊሆን ይችላል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን ስጨምርበት ግን ነዳጅ ነው እላለሁ።

እጅህን ከማስገባትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀል። ጄኔሬተሩ የሚነሳው የሞተርሆሙን መኖሪያ ክፍል ከሚያበራው ባትሪ ነው፣ ማስነሻ ቁልፍ ደግሞ ውስጥም አለ። አንተ ውጭ ተንበርክከህ እየሠራህ ልጅ ውስጥ ሆኖ ቁልፏን ቢነካት ሞተሩ ይዞራል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እይ። አየር ማጣሪያውን አውጣ። የአይጥ ጎጆ እንዳለም ተመልከት፣ ለረጅም ጊዜ የቆመ ጄኔሬተር ሳጥን ይወዳሉ፤ ሽቦም ይበላሉ። ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን እይ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል። የባትሪውን ጫፎች አጽዳ፣ ወደ ሻሲው የሚሄደውን የግራውንድ ገመድም አትርሳ። ሞተሪኖው የሚለፋው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ችግሩን ለየው። ወደ ጄኔሬተሩ የሚገባውን የነዳጅ ጎማ ፍታና በአጭር አዲስ ጎማ ከትንሽ ጀሪካን ትኩስ ቤንዚን ስጠው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቦታው ክፍት ይሁን፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። የባትሪውን ገመድ መልስና ማጥፊያውን ተጭነህ ያዝ። እንደዚያ ሲያዝ ፓምፑ ብቻውን ይሠራል፣ ድምፁንም ትሰማዋለህ። ነዳጁ ከደረሰ በኋላ አስነሳ።

በጀሪካኑ ጥሩ ከሠራ ካርቡረተርህ ደህና ነው፤ ጣጣው ከታንኩ እስከ ጄኔሬተሩ ባለው መስመር ላይ ነው። አሮጌ ጎማ ታንኩ ጫፍ ላይ ይሰነጠቅና አየር ይስባል። ቤንዚን ስለማያንጠባጥብ ማንም አያየውም። በጀሪካኑም ያው ከሆነ ካርቡረተሩን ፍታ።

የበረሃ ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

እኔ በዚህ አልስማማም። ካርቡረተር ለመፍታት ምን ያጣድፈዋል? መጀመሪያ የነዳጅ ማጽጃ ይሞክር። ሲ ፎም ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያሠራው፣ አጥፍቶ ያሳድረው፣ በማግስቱ ይድገመው። የእኔ እንዲህ ከፍ ዝቅ ሲል በዚህ ነው የዳነው። ደግሞ ካርቡረተሩ የጎማ ጋስኬቶች አሉት፤ ሲፈታ ይቀደዳሉ።

ካንዴላ (ዳላስ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አልጥለውም። ሙጫው ስስ ከሆነ ይሠራል፣ ይሞክረው። ነገር ግን ማጽጃው የሚያጸዳው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ነው። ሙሉ በሙሉ በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ አያልፍም። የእሱ ደግሞ ለዓመታት የቆመ ነው። አንድ ሁለቴ ሞክሮ ካልተለወጠ ጊዜውን አያባክን። የጋስኬቱ ነገር እውነት ነው፤ ሳትፈታ በፊት መለዋወጫውን ግዛ።

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)

ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። በጀሪካን ሰጠሁት፣ ያው ነው። ማጽጃውንም ጨመርኩበት፣ አሳደርኩት። ትንሽ የተሻለ መሰለኝ፣ ኤሲ ስከፍት ግን አሁንም ይጠፋል። ስለዚህ ፈታሁት።

ታችኛዋን ጎድጓዳ ክዳን ሳወርዳት ውስጧ ቤንዚን ሳይሆን ቡናማ ሙጫ ነበረበት። በጣቴ ስነካው ይለጠፋል፣ ሽታውም የቫርኒሽ ነው። ዋናዋን የነዳጅ ቀዳዳ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳያት ምንም አይታይባትም፣ ድፍን ብላለች። ሌላዋ ትንሿም እንደዚያው። ክዳኗ ላይ አረንጓዴ ዝገትም አለ። ይጽዳ ወይስ ይቀየር?

ካንዴላ (ዳላስ)

በቃ፣ በሽታው ተገኘ። የምታየው አረንጓዴ ነገር የብረቱ መበላት ነው፤ እርጥበት አግኝቶታል። ሙጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ በካርቡረተር ማጽጃ ዘፍዝፈህ፣ በቀጭን የመዳብ ክር ጠርገህ፣ በአየር ነፍተህ ትመልሰው ነበር። ወፍራም ሽቦ ወይም መሰርሰሪያ ግን በጭራሽ አትክተትባት። የቀዳዳዋ ስፋት ከተለወጠ ከዚያ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም። የተበላ ካርቡረተር ላይ ግን እኔ አልደክምም። ቀይረው።

ስትገዛ ጄኔሬተሩ ላይ ካለው ሰሌዳ የሞዴሉን ቁጥርና ስፔክ የሚለውን ፊደል ጻፍ። ሁለቱም መግጠም አለባቸው። 4000 ዋት ስለተባለ ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም። በርካሽ የሚሸጡትን አስመሳዮች ሰዎች ሲገጥሙ አይቻለሁ። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ግን ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ልጆች ይዘህ ሩቅ አገር የምትሄድበት ነገር ስለሆነ ዋናውን ግዛ።

እጅህ ከገባ አይቀር የነዳጅ ማጣሪያውን፣ አየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውንና ዘይቱን አብረህ ቀይር። ዘይቱ በየ150 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ነው የሚባለው፣ ቀድሞ የደረሰው። ሰዎች ሰዓቱን ብቻ ያዩና "ገና 96 ነው" ይላሉ። ዓመቱ ከደረሰ ደረሰ ነው። አዲስ ጄኔሬተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ በ20 ሰዓት ነው። ያንተ የሚወስደው አንድ ተኩል ኳርት አካባቢ ነው። ሞቅ ሲል አውርደው፣ በደንብ ይወርዳል፤ ግን ማርሚታው ያቃጥላልና እጅህን ጠብቅ። ስትሞላ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ከልክ በላይ አትሙላ።

ሮኪ ተራራ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ወደ እኛ አገር ስለምትመጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 4000 ዋት ለባህር ጠለል አካባቢ ነው። ከፍ ስትል አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በየ1000 ጫማው 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ዴንቨር 5280 ጫማ ላይ ስለሆነች 4000 የነበረው ወደ 3300 አካባቢ ይወርዳል። ኢንተርስቴት 70ን ይዘህ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጣ 11 ሺህ ጫማ ታልፋለህ፤ እዚያ 2500 ቢሰጥህ ጥሩ ነው። ጣራ ላይ ያለው 13,500 ቢቲዩ ኤሲ ሲሠራ ከ1500 እስከ 1800 ዋት ይወስዳል። ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ተራራ ላይ ማይክሮዌቭና ኤሲ አንድ ላይ አትክፈት።

ብዙዎቹ ካርቡረተር ያላቸው ሞዴሎች የከፍታ ማስተካከያ አላቸው። ወደ ላይ ስትወጣ ወደ ከፍታህ አዙረው። ስትመለስ መልሰው። ይህን አደራ እላለሁ። ለተራራ የተስተካከለ ካርቡረተር ቆላ ወርዶ ሲሠራ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል።

አራት ኪሎ (አዲስ አበባ)

ሞተርሆም የለኝም፣ ግን ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መብራት ሲጠፋ ሱቄን የማሠራው በትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። 3000 ይላል፣ ግን ያን ያህል ተሸክሞ አያውቅም። ሮኪ ተራራ ያለው ለእኛም ይሠራል ማለት ነው?

ሮኪ ተራራ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

አዎ ወንድሜ፣ እንዲያውም ከዴንቨር ይልቅ ለእናንተ ይብሳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ወደ 7700 ጫማ። በዚያ ሂሳብ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። 3000 የተባለው 2200 አካባቢ ነው የሚሆነው። ፍሪጁንና ሌላውን ስትደምር ያን ይዘህ አስላ። ጄኔሬተርህ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል።

እህታችሁ ነርሷ (ሜሪላንድ)

ስለ ካርቡረተር አላውቅም። ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ግን ስለ ጭሱ መናገር አለብኝ። እስካሁን ማንም አላነሳውም።

ጄኔሬተሩ ከሚተኛበት ቦታ ሥር ነው ያለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። አገር ቤት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ታሪክ ያልሰማን የለንም። ገዳዩ ያው ጋዝ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። ሰው ጉንፋን ወይም የመንገድ ድካም ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ሁሉንም አውጡና 911 ደውሉ።

ወንድሜ መንገደኛ፣ የማንቂያ መሣሪያውን ዛሬ አውርደህ ጀርባውን አንብብ። መኪናው በ2008 የተሠራ ከሆነና አብሮት የመጣው ከሆነ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። ቁልፉን ስትጫን ጮኸ ማለት ጋዙን ያሸታል ማለት አይደለም፤ የሚፈተሸው ድምፁና ባትሪው ነው። ሕፃናት ይዘህ ነው የምትሄደው። ተኝታችሁ ጄኔሬተር ባይሠራ ይሻላል እላለሁ፤ ሙቀት ቢሆንም።

ካንዴላ (ዳላስ)

እህቴ፣ እግዜር ይባርክሽ። እኔም ማንሳት ነበረብኝ። ከሜካኒኩ በኩል ያለውን ልጨምር። የጭስ መውጫው ቱቦ ከመኪናው ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት፣ ሥር ላይ መቅረት የለበትም። መጋጠሚያዎቹን እያንዳንዳቸውን እዩ። ጥቀርሻ የሚታይበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ይተነፍሳል። ጎርበጥባጣ መንገድ ቱቦውን መትቶ ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ስለዚህ በየጉዞው ይታይ። ጄኔሬተሩ እየሠራ በጭሱ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ። ጎን ለጎን የቆመው የሌላ ሰው ጄኔሬተርም ወደ እናንተ መስኮት ሊነፍስ ይችላል። ደረቅ ሣር ላይ አቁማችሁ አታስነሱ፣ ቱቦው ሣር ያቀጣጥላል።

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)

ማንቂያው ጀርባ ላይ 2008 ነው የሚለው። ቁልፉን ስጫን ግን ይጮኻል! እህቴ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ ደህና ነው ብዬ ነበር የምሄደው። ሁለት አዲስ ገዛሁ፣ አንዱን መኝታው ጋ አደርገዋለሁ።

ካርቡረተሩም መጥቶ ገጠምኩት። ማጣሪያዎቹም፣ ካንዴላውም፣ ዘይቱም ተቀይረዋል። አሁን ወዲያው ነው የሚነሳው። ድምፁ አንድ ዓይነት ሆነ። ግን ኤሲውን ከመክፈቴ በፊት በምን ልፈትነው? ፈራሁት።

ካንዴላ (ዳላስ)

በጣም ጥሩ። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ? በ120 ቮልት የሚሠራው እስከ 1500 ዋት ይወስዳል። እንደ ኤሲ ሲነሳ አይዘልም፣ ጭነቱ ቀጥ ያለ ነው። ለፈተና ከሱ የተሻለ የለም። በየወሩ ማሠራት ላለበትም ይህን ነው የምመክረው። ባለቤትህ እንጀራ ትጋግርበት፣ ጄኔሬተሩም ግማሽ አካባቢ ጭነቱን ያገኛል።

መጀመሪያ ባዶውን ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ ምጣዱን ስካ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቮልትና ኸርዝ የሚያሳይ ርካሽ መለኪያ ገበያ ላይ አለ። ቮልቱ 120 አካባቢ፣ ኸርዙ 60 አካባቢ መሆን አለበት። ጭነት ሲመጣ ትንሽ ወርዶ ይመለሳል። ወርዶ ከቀረ ወይም ከዋዠቀ ኤሲውን አትክፈትበት፣ ኮምፕረሰሩን ያቃጥልብሃል።

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)

ምጣዱ ላይ 121 ቮልት፣ 60.2። ለረጅም ጊዜ አቆየሁት፣ አልተነቃነቀም። ኤሲውን ስጨምርበት ለአንድ አፍታ ድምፁ ጎርነን አለና ተመለሰ፣ 118 ላይ ቆመ። አልጠፋም! ልጆቹ አጨበጨቡ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ከጉዞ ስመለስ ለክረምቱ እንዴት ላቁመው? እዚህ የሚቆምበት ጊዜ ረጅም ነው።

የበረሃ ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

ደስ ብሎኛል። ማጽጃው አልበቃም፣ ወንድማችን ካንዴላ ልክ ነበር።

ለክረምቱ ቤንዚን የሚያቆይ ፈሳሽ ትኩስ ነዳጅ ውስጥ ጨምርና ታንኩን ሙላ። ከዚያ ጄኔሬተሩን አሠራው፣ የታከመው ነዳጅ ካርቡረተሩ ውስጥ እስኪደርስ። ታንክ ውስጥ ጨምሮ ሳያሠሩ ማቆም ምንም አይጠቅምም፣ ካርቡረተሩ ውስጥ ያለው አሮጌው ነውና። ዘይቱን ከማቆምህ በፊት ቀይር፣ ጸደይ አትጠብቅ። ያገለገለ ዘይት አሲድ አለው፣ ክረምቱን በሙሉ ብረቱ ላይ አይደር። ከዚያ በወር አንዴ ምጣዱን ስካበት። ስታጠፋ ጭነቱን በሙሉ ነቅለህ ጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይሥራና ይቀዝቅዝ።

ሌላ፣ ፓርኮች ውስጥ የጄኔሬተር ሰዓት አለ። ዮሰሚቲ ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ነው የሚፈቀደው፣ በእኛ አቆጣጠር። ቡናችሁን በዚያ ሰዓት አፍሉ።

ካንዴላ (ዳላስ)

ከመነሳትህ በፊት የፈታሃቸውን የጎማ ማሰሪያዎች አንዴ አጥብቃቸው። ከሙቀት በኋላ ይላላሉ። ጉዞ ላይ ጄኔሬተሩን በምታሠራበት ቀን ሁሉ ዘይቱን እይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ጄኔሬተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥርም ስልክህ ላይ ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ መንገድ ላይ መለዋወጫ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።